የአንባብያን ጥያቄ፦ የብዝኃነት ቀናችንን በምርምር ንግግር ብናከብረውስ?

ጥያቄ

«ውድ አዘጋጅ፣ የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚከበረውን የብዝኃነት ቀን የሚያሰናዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። እስካሁን በዓሉን ስናከብር የቆየነው በኃላፊዎች ንግግር፣ በፎቶግራፍ ዐውደ ርእይና በሙዚቃ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ንግግሩ ሳያልቅ የአዳራሹ ግማሽ ባዶ ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው የሚቆዩትም ከዓመት ዓመት የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ዘንድሮ አንዲት የኮሚቴያችን አባል፣ ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎችና ከልዩ ልዩ የኑሮ መነሻ የመጡ ተመራማሪዎች ጥናታቸውን አጠር አድርገው፣ እያዝናኑ ለሁሉም ሰው የሚያቀርቡበት ምሽት እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ አቀረበች። እኔ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ በስብሰባው ላይ ግን ሦስት ተቃውሞዎች ተነሡ። አንዱ፣ ይህ ሳይንስን ማቃለል ነው የሚል ነው። ሌላው፣ የምርምር ንግግር ብዝኃነትን ከማክበር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ነው። ሦስተኛውና እኔንም እንቅልፍ የነሣኝ፣ ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችንና ከሌላ አገር የመጡ ባልደረቦቻችንን መድረክ ላይ አውጥቶ ‹አስቁን› ማለት መሳቂያ ማድረግ አይሆንም ወይ የሚል ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?»
የኮሚቴ ሰብሳቢ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳቡን ያቀረበችውን ባልደረባዎን ያመስግኑልን፤ ምሽቱንም ያዘጋጁት። እንዲህ ያሉ መድረኮችን በማሰናዳት ለበርካታ ዓመታት የሠራሁ በመሆኔ፣ የምመልስልዎ በአዳራሽ ውስጥ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ሦስቱም ተቃውሞዎች በቅን ልብ የተነሡ ይመስለኛል፤ ሦስተኛው ግን እውነተኛ አደጋ የሚጠቁም ስለሆነ ሰፋ ያለውን ቦታ የምሰጠው ለእርሱ ነው።

ሳይንስን ማቃለል ነው ለሚሉት፣ የማይክል ፋራዴይን ታሪክ ያስታውሷቸው። ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ ለንደን ውስጥ በአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1812 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሱቁ ደንበኞች አንዱ፣ ታዋቂው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ሮያል ኢንስቲቲዩሽን በተባለው የለንደን የሳይንስ ተቋም የሚያደርጋቸውን ንግግሮች የሚከታተልበት ትኬት ሰጠው። በዚያን ዘመን የዴቪ ንግግሮች የከተማው ሰው እንደ ቴአትር እየተጋፋ የሚያያቸው፣ ሙከራዎቹም በታዳሚው ፊት የሚሠሩባቸው ነበሩ። ወጣቱ ጠራዥ የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል አክሎበት፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ በ1813ም የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ በ1831 ያሳየው፣ ለዛሬው ጄኔሬተርም መሠረት የጣለው ይኸው ሰው ነው። እርሱም በተራው፣ በ1825 የተጀመሩትን ለወጣቶች የሚሰጡ የገና ንግግሮች 19 ጊዜ አቅርቧል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚታወሰው፣ አንዲት ተራ ሻማ ስትነድ በነበልባሏ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እያሳየ ኬሚስትሪን ለልጆች ያስረዳበት ነው። በንግግሩ እንዳይቸኩልም «ቀስ» የሚል ካርድ ከፊቱ ያስቀምጥ ነበር። እንግዲህ ዴቪ የሚናገረው ለሙያ ጓደኞቹ ብቻ፣ እነርሱ ብቻ በሚረዱት ቋንቋ ቢሆን ኖሮ፣ የቀጥቃጩ ልጅ ወደዚያ ቤት የሚገባበት በር ከየት ይመጣ ነበር? የዝግጅታችሁ ዓላማ ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ዛሬ መልኩ በዛ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የጀመረው «የሦስት ደቂቃ ቴሲስ» የተባለው ውድድር፣ ሐሳቡ የመጣው በአካባቢው በነበረው ድርቅ ወቅት ሰዎች ውኃ ለመቆጠብ ገላቸውን ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳይታጠቡ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ከነበረው ትንሽ የደቂቃ መቁጠሪያ ነው። ጮክ ብሎ ቢነበብ ዘጠኝ ሰዓት ያህል የሚፈጀውን የ80,000 ቃላት የመመረቂያ ጽሑፍ (ቴሲስ)፣ ተማሪው በአንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ ብቻ ታግዞ በሦስት ደቂቃ ያስረዳል። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በ2009 የተጀመረው ብራይት ክለብ ደግሞ ተመራማሪዎች ስለ ገዛ ሥራቸው የኮሜዲ ንግግር እንዲያደርጉ የሚያሠለጥን ሲሆን፣ መድረኩን የሚመራው በሙያው የበሰለ ኮሜዲያን ነው። በ2011 የተጀመረው ሶፕቦክስ ሳይንስ ሴት ሳይንቲስቶችን ከአዳራሽ አውጥቶ፣ ያለ ስላይድ፣ በመንገድ ዳር ሣጥን ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው እንዲናገሩ ያደርጋል። ለእናንተ የሚስማማው የብራይት ክለብ መንገድ ይመስለኛል። ውድድርና ሽልማት ግን ተዉት፤ ብዝኃነት በሚከበርበት ምሽት አንዱን አንደኛ፣ ሌላውን መጨረሻ ማድረግ ለምን ያስፈልጋል?

ከብዝኃነት ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚለው የምሰጠው መልስ እኔ ራሴ ከልቤ የማምንበት ነው። በተለመደው የብዝኃነት ቀን ከሌላ አገር የመጣችው መምህርት የምትጋበዘው ከየት እንደመጣች እንድትነግረን ነው፤ ዓይነ ስውሩ ተመራማሪ የሚጋበዘው ስለ ዓይነ ስውርነቱ እንዲመሰክር ነው። እንጨበጭብላቸዋለን፤ አበባም እንሰጣቸዋለን። በማግስቱ ሁሉም ወደየቢሮው ሲመለስ፣ መምህርቷ ዐሥር ዓመት ሙሉ ስትደክምበት የኖረችው ጥያቄ ምን እንደሆነ ከጎኗ ባለው ክፍል የሚሠራው ባልደረባዋ እንኳ አያውቅም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኘው በሚያውቀው ነገር ነውና፣ ልናከብረው ከፈለግን የሚያውቀውን እንጠይቀው።

ማንነቱ ከመድረኩ ቀረ ማለት አይደለም፤ በራሱ ፈቃድ፣ በሥራው በኩል ይመጣል። አንድ የከርሰ ምድር ውኃ አጥኚ ንግግሩን የጀመረው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ውኃ ያለበትን ቦታ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያውቅ ነበር። እኔ ያንኑ ለማወቅ ስድስት ዓመትና አንድ ኮምፒውተር ፈጀብኝ።» አዳራሹ ሳቀ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ በድህነት ስለ ማደጉ አንድም ቃል ሳይጨምር ወደ ድንጋዩና ወደ ውኃው ገባ። ማን እንደሆነ ግን ሁላችንም አውቀናል። የነገረንም እርሱ ነው፤ ማንም «ተናገር» አላለውም።

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ። የኮሚቴያችሁ አባላት የፈሩት ነገር አለ፤ ሲደርስም አይቼዋለሁ። አንድ የመድረክ መሪ የተናጋሪዋን ስም ሦስት ጊዜ አጣሞ ጠርቶ፣ «ይቅርታ፣ እንዲህ ያለ ስም ምላስ ይሰብራል» ብሎ ታዳሚውን ሲያስቅ፣ ተናጋሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ቆመች አስታውሳለሁ። ወጥታ ተናገረች፤ ንግግሯ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ልመና ይመስል ነበር። ስለዚህ በዝግጅታችሁ ሊጠበቅ የሚገባው አንድ ሕግ፣ ሳቁ የሚመነጨው ከሥራው ውስጥ መሆኑ ነው። ከስም፣ ከአነጋገር፣ ከቁመና፣ ከእምነት ወይም ከትውልድ የሚመነጭ ቀልድ፣ ተናጋሪው በራሱ ላይ ሊቀልድ ፈልጎ ካላመጣው በስተቀር፣ ማንም አይጠቀምበትም፤ የመድረክ መሪው ከሁሉ አስቀድሞ። መሪው የእያንዳንዱን ሰው ስም ከባለቤቱ አፍ ሰምቶ፣ ደጋግሞ ተለማምዶ ይምጣ።

ከሥራ ውስጥ የሚወጣ ሳቅ ይገኛል ወይ ብለው ይሠጉ ይሆናል። ሞልቷል። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት፣ እበት የሚያንከባልሉ ጢንዚዛዎች ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ቀጥ ብለው የሚጓዙት ፍኖተ ሐሊብ በተባለው የከዋክብት ጎዳና ብርሃን እየተመሩ መሆኑን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማረጋገጥ ለጢንዚዛዎቹ ከካርቶን ትንንሽ ባርኔጣ ሠርተው ሰማዩን ጋረዱባቸው፤ የከዋክብት ማሳያ ወዳለበት ፕላኔታሪየምም ይዘዋቸው ገቡ። በዚያው ዓመት፣ መጀመሪያ የሚያስቅ ቀጥሎም የሚያሳስብ ምርምርን የሚያከብረው የኢግ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። እበት የምትገፋ ባለባርኔጣ ጢንዚዛ ላይ ሰው ይስቃል፤ ሳቁ ሳይበርድ ግን፣ ያች ትንሽ ፍጥረት የምትመራበት ብርሃን ከስንት ዘመን በፊት ከከዋክብቱ እንደ ተነሣ ማሰብ ይጀምራል። በእያንዳንዱ ትምህርት ክፍል እንዲህ ያለ ነገር ተደብቋል፤ በልምምድ ጊዜ «በሥራሽ ውስጥ ለእናትሽ ስትነግሪያት ‹ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?› ያለችሽ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ ይወጣል።

በሕይወቴ ካየኋቸው ንግግሮች ሁሉ የማልረሳው፣ መስማት የተሳናት አንዲት የሸረሪት ተመራማሪ በምልክት ቋንቋ ያቀረበችው ነው። ሸረሪቶች ዓለማቸውን በአብዛኛው የሚያውቁት በድሩ ንዝረት እንደሆነ፣ ወንዱም ወደ ሴቷ ድር ሲቀርብ ምግብ መስሏት እንዳትበላው ክሩን በእግሩ በተለየ ምት እየነካካ ማንነቱን እንደሚያስታውቅ ታስረዳ ነበር። ግራ እጇን እንደ ድር ዘርግታ፣ በቀኝ እጇ ጣቶች የፈራውን ወንድ ሸረሪት ሆነች፤ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ ነካ ነካ፣ ወደ ኋላ። ከፊት ተቀምጠው የነበሩት መስማት የተሳናቸው ታዳሚዎች ወዲያው ሳቁ። አስተርጓሚው ቃሉን ሲጨርስ ደግሞ የቀረነው ሳቅን፤ ሳቁ በሁለት ማዕበል ይመጣ ነበር ማለት ነው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ግን አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ሳቀ፤ ሁላችንም ጣቶቿን ማንበብ ጀምረን ነበርና። ስለ መስማትና ስላለመስማት አንድም ነገር አልተናገረችም።

ለዝግጅቱ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ቸል ሲባል ምሽቱን የሚያበላሽ ጥቂት ነገር አለ። ተናጋሪዎችን ኮሚቴው እየመረጠ «አንተ እነ እገሌን ወክል» አይበላቸው፤ ጥሪው ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዓይን አፋሮቹ፣ በጀማሪነታቸው ማንም ያልጋበዛቸው ተመራማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዘንድ በእግር ሄዶ መጋበዝ ያስፈልጋል። ስድስት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ በቂ ነው። ሁለት ልምምድ ይኑር፤ በልምምዱም ከሌላ የትምህርት ክፍል የመጣ አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ያልገባውን ቃል በሰማ ቁጥር እጁን ያንሣ። ተሽከርካሪ ወንበር ወደ አዳራሹ መግባቱን ብቻ ሳይሆን ወደ መድረኩ መውጣቱንም አስቀድመው ያረጋግጡ። ቀኑ ከየትኛውም ሃይማኖት ታላቅ በዓል ጋር አይጋጭ። በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ምሽቶች በመጠጥ ቤት ይካሄዳሉ፤ እናንተ ግን ምሽቱን መጠጥ በሌለበት ቦታ ብታደርጉት በእምነቱ ምክንያት ወደዚያ የማይገባውን ሰው ከበር አትመልሱም።

የጥያቄና መልስ ጊዜም የራሱ ሥነ ሥርዓት ይፈልጋል። በ10 አገሮች፣ በ35 ተቋማት የተካሄዱ 247 ሴሚናሮችን ተከታትሎ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ሴቶች ከወንዶች እጅግ ያነሰ ጥያቄ እንደሚጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ ደግሞ ልዩነቱ እንደሚሰፋ አሳይቷል። ስለዚህ የመድረክ መሪው ፈጥኖ የተነሣውን እጅ ሁሉ አይከተል። ታዳሚው ጥቂት ሰኮንዶች እንዲያስብ ያድርግ፤ የመጀመሪያውን ዕድልም ለአንዲት ወጣት ተማሪ ይስጥ።

ጥያቄ

«የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የምማርበት ቋንቋ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ አይደለም። በዩኒቨርሲቲያችን በሚደረግ አዝናኝ የምርምር ምሽት ላይ እንድናገር ተጋብዣለሁ። የማጠናው የወፎችን ጆሮ ነው፤ አዘጋጆቹ ግን ‹ስለ አነጋገርሽና ስለ አገርሽ ሰዎች ቀልድ ብታስገቢበት ታዳሚው ይወደዋል› አሉኝ። ቅር ብሎኛል። ግብዣውን ልተወው ወይስ እሺ ልበል?»
ጆሮ አጥኚዋ

መልስ

ውድ እህታችን፣ ግብዣውን አትተዪው፤ ቀልዱን ግን ተዪው። ለአዘጋጆቹ «ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ፤ የምናገረው ስለ ወፎች ነው፤ የሚያስቀውንም ከዚያው አወጣለሁ» ብለሽ ጻፊላቸው። ምክንያት መደርደር የለብሽም። ከዚህ በኋላም ቢወተውቱሽ፣ ያን ጊዜ መተው መብትሽ ነው፤ ያፈረ ቢኖር እነርሱ እንጂ አንቺ አይደለሽም።

እንዲህ ያለ ርእስ ይዘሽ ሳለ ሌላ ቀልድ እንድታመጪ መጠየቃቸውም ያስገርመኛል። በሰው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት የፀጉር ሴሎች በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከሞቱም አይተኩም። በ1988 የወጡ ጥናቶች ግን ወፎች የሞቱባቸውን ሴሎች መልሰው እንደሚያበቅሉ አሳዩ። ዶሮ በኃይለኛ ድምፅ ጆሮዋ ቢጎዳ ጥቂት ሳምንት ቆይታ ትሰማለች፤ ዕድሜ ልኩን ከድምፅ ማጉያ አጠገብ የቆመ ሙዚቀኛ ግን ይህ ዕድል የለውም። ሙዚቀኛው በዶሮ ሲቀና ብታሳዪን ያስቀናል፣ ያስቃል፤ ምርምርሽ ወዴት እንደሚሄድም ሳንጠይቅሽ ይገባናል።

ስለ አነጋገርሽ ያለሽን ሥጋት ግን በባዶ አላልፈውም። በ2010 በወጣ አንድ ጥናት፣ «ቀጭኔ ከግመል ይልቅ ረጅም ጊዜ ያለ ውኃ መቆየት ትችላለች» የሚሉ ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች በባዕድ አነጋገር ሲነገሩ አድማጮች ያነሰ እምነት ጥለውባቸዋል። ኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ይህን ውጤት ባያገኙም፣ የሚሰማሽ ነገር ከባዶ የመጣ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው የጠቀስኩት። ደስ የሚለው ደግሞ፣ በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት፣ የአድማጭ ጆሮ ካልለመደው አነጋገር ጋር የሚላመደው በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ መሆኑን ማሳየቱ ነው። ስለዚህ የንግግርሽን ፍሬ ነገር በመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አታስቀምጪው። ቢያመልጣቸው የማይጎዳቸውን ነገር እየተናገርሽ ጀምሪ፤ ሰላምታሽን ስጪ፣ ጥናቱን የምትሠሪበትን ክፍል ግለጪላቸው፣ እዚያ ውስጥ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለ ንገሪያቸው። «የፀጉር ሴል» የሚለውን ቃል በስላይድሽ ላይ በትልቁ ጻፊው። ዶሮዋን ከአንድ ደቂቃ በኋላ አስገቢያት፤ ስሟን ከጠራሽ በኋላም ለሁለት ሰኮንድ ዝም በይ።